ሃምሳ ቆርቆሮ ስንት ካሬ ነው?

ማዘጋጃ ቤት የቤት ለኪ ሆኜ የተቀጠርኩ ዕለት የተረከብኩት የሸራ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ ነበር። ዋናው ለኪ ጋሽ ተፈራ የሜትሩን ጫፍ አስያዙኝና፣ "ዜሮውን አጥብቀህ ያዝ፤ ሌላው የኔ ነው" አሉኝ። ጊዜው ደርግ ነው። ትርፍ ቤት ስለተወረሰ ለሽያጭ የሚቀርበው ቤት ጥቂት ነበር፤ ስሙ ከመዛወሩ በፊት እኛ እንለካለን።

ነፋስ ስልክ አካባቢ ግን ቤት በካሬ አይጠራም ነበር። "የሠላሳ ቆርቆሮ፣ የሃምሳ ቆርቆሮ" ይባላል፤ ጣሪያው ላይ የተመታው ቆርቆሮ ተቆጥሮ ነው። ነገሩ ይደንቀኝ ነበር። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ ቆርቆሮው እርስ በርሱ ይደራረባል። ታዲያ ሃምሳ ቆርቆሮ ስንት ካሬ ነው? አንገቴን ሰቅዬ ስቆጥር ጋሽ ተፈራ፣ የምንለካው ለርግብ ነው እንዴ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በሁለተኛ ዓመቴ ብቻዬን መካኒሳ ተላክሁ። ሻጯ ወይዘሮ አሰለፈች ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ገዢው ሻንቆ ከጋሞ የመጣ፣ የኔ እኩያ የሆነ ሸማኔ ነው። የተከራየው ቤት አንድ የሽመና ዕቃ ብቻ ይይዛል። ታናሽ ወንድሙ አብሮት እንዲሠራ ሁለት የሚያስተክል ቤት ፈልጎ፣ "ተዘጋጅ" ብሎ ልኮበታል። የወይዘሮ አሰለፈች ቤት የድንጋይ ነው፤ ሃምሳ ቆርቆሮ። እንደተማርኩት በውጭ ዞሬ ለካሁ፤ ሰባት በስድስት፣ አርባ ሁለት ካሬ።

ሻንቆ ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱ በራ። ቀጥሎ የበሩ መቃን ጋ ቆሞ የግድግዳውን ውፍረት በስንዝር ለካና፣ "ይሄም አብሮ ተቆጥሯል?" አለኝ።

"አዎ፣ የለካሁት በውጭ ነው።"

"ታዲያ ግድግዳ ውስጥ ማን ይቀመጣል?"

እኔ ጠይቄው የማላውቀው ጥያቄ ነበር። ገብተን እንደገና ለካን፤ ስድስት በአምስት፣ ሠላሳ። ወይዘሮ አሰለፈች ቤቴን አሳነስክብኝ ብለው ተቀየሙኝ። ሻንቆ ወለሉ ላይ ገመድ እየዘረጋ የሽመና ዕቃውን ቦታ፣ ድሩ የሚወጠርበትን፣ የልጆቹን መኝታ ለየ። ለወንድሙ ቦታ አልተረፈም። ገመዱን ጠቅልሎ ወጣ።

ቢሮ ተመልሼ ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው። መዝገቡ የሚፈልገው የውጩን ነው፣ አልተሳሳትክም አሉኝ። አለመሳሳቴ አላጽናናኝም፤ አፍሬ ነበር።

ሻንቆ ቤቱን ተወው። ወንድሙንም አትምጣ ብሎ ላከበት።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ሁለት ቁጥር ጻፍኩ፤ የውጩን ለመዝገቡ፣ የውስጡን በቁራሽ ወረቀት ለገዢው። ቤት የምትገዙ ሰዎች፣ ስንት ካሬ ነው ከማለታችሁ በፊት ከየት እስከ የት እንደተለካ ጠይቁ።