ዲላ ሆቴል ግቢ ውስጥ የተደባለቀው ቡናችን

ከመንደሬ ከወርቃ የወጣሁት ማክሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ለሽርሽር አይደለም። አንድ ቡና ገዢ ዲላ መጥቶ የየመንደሩን ናሙና እያየ ነው፣ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ይሄዳል ተባለ። እኛ ጎረቤታሞች ጀንፈላችንን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በጆንያ አንድ ላይ አከማችተናል። ከወደደው ሁሉንም ይወስዳል። ካልወደደው እንደ ዓምናው ደላላ ደጅ መቆም ነው። ለናሙና ሁለት ኪሎ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። "አንተ ግትር ነህ፣ ማንም አይቀማህም" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ባለቤቴ አዳነች ስወጣ፣ "የምታድርበት ቦታ ምን እንደያዝክ ንገራቸው" አለችኝ።

"የሆቴል ሰው ምን አገባው?" ብዬ ሄድኩ።

እስከ ገደብ በሞተር ነው። ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደብን፤ ጭቃው ስላስቸገረ ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ። ገደብ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ይርጋጨፌ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ወናጎ ላይ ሙዝ በላሁ። ጪጩን አልፈን ዲላ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ወገቤ የእኔ አልመስልህ አለኝ።

ሆቴሉ

ክፍል ገብቼ ፌስታሉን ስፈታ ቡናው ርሷል። እርጥብ ቡና ታፍኖ ካደረ ይሸታል፣ የሸተተውን ደግሞ ገዢ ዞር ብሎ አያየውም። ግቢው ላይ ጥሩ ፀሐይ ነበር። የአልጋውን አንሶላ ገፈፍኩና ውጭ አንጥፌ ቡናውን በተንኩበት። ከጎኑ የሆቴሉ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ቡና በትልቅ ሸራ ላይ ተሰጥቷል። ለማንም ሳልናገር ገብቼ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብወጣ ቡናውም የለ፣ አንሶላውም የለ። ብዙነሽ የምትባል የሆቴሉ ሠራተኛ፣ ጠና ያለች ሴት፣ አንሶላውን ታጥባለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቡናዬ የት ገባ?"

"የትኛው ቡና ጋሼ?"

"እዚህ አንሶላ ላይ የነበረው!"

"ውይ! የእትዬ መስሎኝ ሸራው ላይ ደፋሁት። ሰው በሆቴል አንሶላ ቡና ያሰጣል እንዴ?"

"ያሰጣል! እኔ አስጥቻለሁ!"

"ታዲያ አፍ የለዎትም? አንድ ቃል ቢናገሩ ምን ነበረበት?"

አዳነች እዚያ የቆመች መሰለኝ። ሸራው ዳር ቁጭ አልኩ። ለጎረቤቶቼ ምን እላለሁ? እያፈጠጥኩ ሳለ ግን አንድ ነገር አየሁ። የእኛ ቡና ኩሩሜ የሚባለው ዝርያ ነው፣ ፍሬው ትንንሽ። የሆቴሉ ባለቤት ደግሞ ወሊሾ፣ ትልልቅ።

"የት ጋ ነው የደፋሽው?"

"እዚህ ጥግ ላይ።"

የሆቴሉ ባለቤት ወጥተው ነገሩን ሲሰሙ፣ "ትልልቁን ይተዉልኝ እንጂ የፈለጉትን ይልቀሙ" ብለው ሳቁ። ብዙነሽ እጇን አደራርቃ አጠገቤ ተቀመጠች። እስኪመሽ ለቀምን፤ ጠዋትም ጎህ ሲቀድ ጀመርን።

"ጋሼ፣ ይሄ ወሊሾ ነው፤ ዓይንዎ አያይም።"

"የእኔ ዓይን ከአፍሽ ይሻላል።"

"ከእርስዎ አፍማ የማንም ይሻላል!"

ጥቁሩንና የተሰበረውንም እያወጣን ጣልን።

ረቡዕ፣ አምስት ሰዓት

ገዢው ቡናውን በመዳፉ እያገላበጠ ብዙ ቆየ።

"ጆንያ ውስጥ ያለውም እንዲህ የተለቀመ ነው?"

ነው ብል አንድ ቃል ናት። አልወጣልህ አለኝ።

"አይደለም። ይሄ ትናንት ከሰው ቡና ተደባልቆብኝ ፍሬ በፍሬ ለቅመነው ነው። ጆንያው ውስጥ ጥቁርም ሰባራም አለ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ዳግም ስመጣ እንደዚህ ለቅማችሁ ካመጣችሁ ሁሉንም እወስዳለሁ። ካልሆነ ይቅርብኝ።"

"እንለቅማለን" አልኩ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። እፎይ ብዬ ስወጣ የወገቤ ሕመም ጠፍቶ ነበር። ብዙነሽ ጋ ተመልሼ ነገርኳት፤ እልል አለች።

ወርቃ

ማታ ስደርስ ጎረቤቶቼ በር ላይ ቆመው ነው።

"ወሰደው?"

"ይወስደዋል። ግን ሁሉንም ፍሬ በፍሬ እንለቅማለን።"

"ቡና አድርስ ብንልህ ሥራ ጭነህ መጣህ!" አለ ጎረቤቴ በራሶ፤ ሁሉም ሳቁ።

አዳነች ጠጋ አለችኝ። "ለሆቴሉ ሰዎች ነግረሃቸው ነበር?"

"አልነገርኩም።"

"አውቄያለሁ" ብላ ሰፌዱን ሰጠችኝ። ለለቀማው ቀድሜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አልጋ ስይዝ ቁልፉን ሳልቀበል በፊት፣ ቡና ይዣለሁ እላለሁ።