አምሳሉ የሣላት ታቢታ

ታቢታ ወፍራም ነበረች። ጎረቤቷ ነኝና ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ እሷም ደብቃው አታውቅም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ እያጸዳች ስትሸጥ ከሩቅ የምትለየው በሰውነቷ ነው። እናቷም፣ የእናቷ እናትም እንዲሁ ነበሩ። ድሮ ሰው "ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል" ይላት ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ግን የበዝባዥ ሥዕል ሁሉ ቦርጫም ሆነና፣ በቀን አንዴ የምትበላ ሴት በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ "አንቺ ደግሞ ስኳር ምን ያደርግልሻል?" ትባል ጀመር። ከኋላዋ የምሰለፈው እኔ ነበርኩና ስንቱን አፍ አዘግቻለሁ።

መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ አብረን ተመዘገብን። እኔ ቅጣት ፈርቼ ነው፤ እሷ ግን ስሟን መጻፍ ፈልጋ ነው። "ዕድሜዬን ሙሉ በአውራ ጣቴ ስፈርም ሰው ሳቀብኝ፤ አንድ ቀን በሕዝብ ፊት ስሜን ጽፌ ባሳየኋቸው" ትለኝ ነበር። እርጥብ አሸዋ ባገኘች ቁጥር ቁጢጥ ብላ "ታቢታ" ትጽፋለች።

አስተማሪያችን አምሳሉ የሚባል ከሲታ ወጣት ነበር። ሌላው ሲያፌዝባት እሱ "እትዬ ታቢታ፣ እርስዎ ከሁሉም ይበልጣሉ" ይላታል። በዚህች ቃል ልጇ አደረገችው። ቅዳሜ ቅዳሜ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ይዛለት ሄዳ "ብላ እንጂ፣ አጥንትህ ገጠጠ" ትለዋለች። ሥዕልም ይችል ነበርና አንድ ቀን፣ "ለአብዮት በዓል ሥዕልዎን ልሥራ፤ ለተማሪዎች ምሳሌ ይሆናሉ። የምስክር ወረቀቱንም በመጀመሪያ ፈርመው የሚወስዱት እርስዎ ነዎት" አላት። ገበያዋን ትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠችለት።

በበዓሉ ቀን የከተማችን ፒያሳ በሰው ጢም ብሏል። ሸራው ሲገለጥ ታቢታ ራሷ ናት፤ ፊቷ፣ ነጠላዋ፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር። ግን እህል በሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ጉልበቷ ላይ ወርዷል፤ ከእግሯ ሥር የከሱ ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተዋል። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከሥዕሉ ሥር ጽሑፍ ነበር። እንዳታየው ብዬ ክንዷን ሳብኩ፤ አልተነቃነቀችም። ራሱ ባስተማራት ፊደል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድ በአንድ ለቀመችው።

"ይህ… ሆድ… የማን… ላብ… ነው?"

"የራሴ" አለች ቀና ብላ። የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ አለ ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን በዓይኔ አየሁት። እንደተባለውም ከሁሉ በፊት የተጠራችው እሷ ነበረች። አምሳሉ እስክሪብቶ እያቀበላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎን ማለቴ አይደለም፣ መደቡን ነው" አላት።

"ዓሣዬን ስትበላስ መደቤ አልታየህም?" አለችው።

እስክሪብቶውን አልተቀበለችም። ሕዝቡ ሁሉ እያየ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ወረቀቱ ላይ አተመች። ሰው እንደገና ሳቀ፤ ይሳቅ። ስሟን ግን ለአምሳሉ አልሰጠችውም።