የገንዳው ወለል ዝግ ነው ተባለ

ካፌው ሙሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው፦ ወይዘሮ ድንበር የቀለም ፋብሪካው ዝቃጭ ከኮንክሪት ገንዳው ሾልኮ የሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ የሚደርስበትን ቀን ከነሰዓቱ አውቃለች። ገና አስራ አንድ ዓመት ይቀራል። እሷ ግን ለማንም ሳትተነፍስ እናቷን ብቻ አሽሽታለች።

ማን ያምናል? ሴትዮዋ የአውቶቡሷን ሰዓት እንኳ ገምታ አታውቅም፤ ከኋላው ስትሮጥ የጨረሰችው ጫማ አንድ ሱቅ ይሞላል።

ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮንክሪት ለዓይን ድንጋይ ይምሰል እንጂ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ፈሳሽ በዚያ ሰርጎ ለማለፍ ስንት ዘመን እንደሚፈጅበት ታሰላለች። ከስሌቱ በፊት ግን በየጠርዙ፣ በሙያው ቋንቋ በየ«ድንበሩ»፣ የሚሆነውን መወሰን አለባት፦ በዚህ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል፣ እዚህ ጋ ዝግ ነው። ቅጽል ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት የገንዳውን የድሮ ስሌት ከፈተች። «ወደ አፈሩ የሚደርስ፦ ዜሮ» ይላል። አለቃዋ ይህን ዜሮ በፍሬም አስገብቶ ከልጆቹ ፎቶ በላይ ሰቅሎታል። እሷ ግን ወደ ታች ማንበቧን ቀጠለች። የወለሉ ጠርዝ «ዝግ» ተብሎ ተሞልቷል። ኮምፒውተሩን ምንም አይወጣም ብለው ነገሩት፤ እሱም ምንም አይወጣም ብሎ መለሰላቸው።

ስሌቱ ላይ ወለሉን ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ቀለም ቀስ እያለ ወረደ፤ ወለሉን ነካ፤ አለፈ። ገንዳው በተሞላ በአስራ አንድ ዓመቱ።

«እህቴ፣ ዝጊውና እንገላገል» አለ አለቃዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁሉም የሚዘጋው እኮ ነው!»

«እኔ እዚህ ስዘጋው ገንዳው ይሰማኛል እንዴ?»

«አንቺ ደሞ! የድሮው ስሌት ልክ ነው ብለሽ ፈርሚ ነው የምልሽ።»

አልፈረመችም። በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ ከገንዳው አጥር ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እናቷ ከጉድጓዱ ውሃ እየቀዱ ሳሉ ደረሰች።

«እማዬ፣ እባክሽ አትጠጪው። ተነሽ፣ እኔ ጋ እንሂድ።»

«ወግጂ! አንቺን ያሳደግኩሽ በምን ሆነና ነው?» አሉና ብርጭቋቸውን ጭልጥ አደረጉት።

በማግስቱ ካፌ ስትገባ ሁሉም ወደ ስኒው አቀረቀረ። የሰፈሩን ጸጉር አስተካካይ ግን አላስቻለውም።

«እናትሽን አሽሽተሽ እኛን ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ዝቃጩን ልታስጠጪን ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«ውሸት ነው» አለች፣ ሳትቀመጥ። «ቀኑን አላውቅም። እናቴ እዚያው ናት፤ እምቢ ብላኛለች። አልደበቅኩም፤ ይኸው እየነገርኳችሁ ነው። የቀረ ዓመትም የለም። ገንዳው ከተሞላ አስራ ሦስት ዓመቱ ነው።»