የሐስና ደረት

የደቡብ ኢራቅን ረግረግ ውሃ ያደረቁት ሰዎች ግድቡን ሲሠሩ ማንንም አልጠየቁም። ልመልሰው ብላ ከባስራ የመጣችው ተመራማሪ ዶክተር ረባብ ግን ስትጠይቅ ነው የምትውለው፤ ምን ያህል ውሃ መልቀቅ እንዳለባት የሚነግራት የድሮ ልኬት የለም።

"አቡ ዳኺል፣ እዚህ ጋ ጥልቀቱ ስንት ነበር?" አለችው ሽማግሌውን ጃሲብን፣ እንደ አገሩ ወግ በልጁ ስም "የዳኺል አባት" ብላ እየጠራችው። የቆሙት የተሰነጣጠቀ ደረቅ ጭቃ ላይ ነው።

"ሚስቴ ሐስና ለጎሾቹ ሸምበቆ ስታጭድ ደረቷ ድረስ ይመጣ ነበር።"

የአጎቱ ልጅ ሚዝባን በሳቅ ፈረሰ። "ይቺን ለመስማት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?"

እሷ አልሳቀችም። "ባለቤትዎን ላገኛቸው እችላለሁ?"

"ስደት ላይ ሞታለች" አለ ጃሲብ፣ ስለ ሌላ ሰው ጎረቤት እንደሚያወራ ሁሉ። ከዚያ መዳፉን ከገዛ ደረቱ ዝቅ አድርጎ አሳረፈ። "ደረቷ እዚህ ጋ ነበር።"

ረባብ ሜትሯን ከመሬት እስከ መዳፉ ዘረጋች። አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር። ጻፈችው።

ግድቡ ተከፍቶ በሁለተኛው ዓመት ሸምበቆው በቀለ። ረባብ ውሃው ውስጥ የተተከለውን መለኪያ እንጨት አንብባ "ልክ እንዳሉት ሆነ!" ብላ ጮኸች።

ጃሲብ ከታንኳው ወረደ። ውሃው ከደረቱ በታች ቆመ። እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ ትከሻው ትክክል፣ ፊት ለፊቱ የቆመች ሴት አናት ላይ እንደሚያሳርፍ፣ አየሩ ላይ አቆመው።

"ምን እየለኩ ነው?" አለችው።

"ምንም" አለ። "ውሃው ልክ ነው።"