የጉም ዘጠነኛው ዘፈን

ከጉና ተራራ እስከ አንበሳሜ እንደኔ ያለ ጆሮ አልተፈጠረም። ጎረቤት የሚቆረጠመው ቆሎ ገብስ ይሁን ሽምብራ በግድግዳ በኩል ሰምቼ እለያለሁ። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ደጋግሜ የነገርኳቸው ሰዎችም ይላሉ።

የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ግን እንዲህ ነበር። ደብረ ታቦር ካሴት ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ጋሽ መንግሥቴ በትከሻ የሚንጠለጠል ቴፕ፣ ማይክሮፎንና ሁለት ባዶ ካሴት አስይዘው ሠርግ ላኩኝ። ማይክሮፎኑን አዝማሪው አፍ ሥር ደግኜ ሦስት ሰዓት ቆምኩ። በማግሥቱ ሲሰማ፣ ለካ የማይክሮፎኑን ገመድ ቴፑ ላይ አልሰካሁትም። የቀዳው ቴፑ በራሱ ማይክሮፎን ነው፤ ቴፑ ደግሞ ብብቴ ሥር ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ መንግሥቴ።

«አዝማሪው ነው ጋሼ።»

«አዝማሪ እንዲህ ይተነፍሳል? ሠርግ ላክሁህ፣ የገዛ ልብህን ቀድተህ መጣህ!»

አላባረሩኝም። ለሁለት ወር የቴፕ ራስ በአልኮል አስጠረጉኝ። ከዚያ ወዲህ ካሴቱ ሄደ፣ ሲዲው መጣና እሱም ሄደ፣ ኮምፒውተሩ ገባ። መዝሙር ቀድቻለሁ፣ ቀረርቶ ቀድቻለሁ፣ አንድ የገሳይ ነጋዴ የሚሸጠውን በቅሎ ድምፅ ቅዳልኝ ብሎኝ እሱንም ቀድቻለሁ። ራፕ ግን አልቀዳሁም ነበር።

ያሁኑ ስቱዲዮዬ ከሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። ግድግዳዋን በእንቁላል ትሪ ለብጬ በላዩ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ በክረምት ዝናብ ካላባራ ሥራ የለም። ሐምሌ ላይ ተቀምጬ ቆርቆሮውን ስሰድብ አንዲት ልጅ ገባች። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋለች፤ ከነጩ ጭቃው ይበዛል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ። ራፐር ነኝ። ጉም ይሉኛል።»

«ጉም? ማን ያወጣልሽ ስም ነው?»

«ራሴ።»

«ልጄ፣ እዚህ አገር ጉም ሞልቶ የለም እንዴ? ፀሐይ ብትባይ አይሻልም ነበር?»

«ፀሐይ የሚባሉ አክስት አሉኝ» አለች፣ ሳትስቅ።

ዘጠኝ ዘፈን ያለው አልበም ይዛ ነበር የመጣችው። ስምንቱን በሁለት ሳምንት ቀዳን። ስትጀምር አፏን አላመንኩትም። እንደ አውድማ በሬ ሳትቆም ትዞራለች፤ አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ሙሉ ስንኝ ታወርዳለች። ከተቀዳ ድምፅ ላይ ትንፋሽ መቁረጥ ሥራዬ ነው፤ እሷ ላይ የምቆርጠው አጣሁ።

«ከማን ተማርሽው?»

«ከእማዬ። አልቃሽ ነበረች። በየልቅሶው ሙሾ ስታወርድ ከኋላዋ ነው ያደግሁ።»

እናቷ በዚያው ዓመት ሞተዋል። ዘጠነኛው ዘፈን የእሳቸው ነው፤ ሊሞቱ ሰሞን ብቻቸውን ቤት ዘግተው በልጃቸው ስልክ የቀዱት ሙሾ። ልጅቷ በዚያ ላይ ልትራፕበት ፈለገች። ከፕላስቲክ አውጥታ ጥፍር የምታህል ሜሞሪ ካርድ ሰጠችኝ።

«ሌላ ቅጂ የለሽም?»

«ስልኩ ውኃ ገብቶበት ሞተ። ያለው ይኸው ነው። ጋሼ፣ ይቺ ከጠፋች እማዬ ሁለተኛ ሞተች ማለት ነው።»

«በኔ እጅ የገባ ነገር እንኳን ሊጠፋ አቧራ አይነካውም» አልኳት። ጎረቤት ሻይ ቤት ሄዳ እንድትጠብቅ ላክኋትና ድምፁን ላጸዳ ብቻዬን ቀረሁ።

ቀትር ላይ ነበር። ዝናቡ ድንገት ቆመ፤ ጉም ወርዶ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ጠፋ። ካርዱን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ጆሮዬ ላይ ትልቁን ማዳመጫ አደረግሁ።

የሴትዮዋ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ለአልቃሽ የሚገባው ጩኸት የለውም። በር ላይ ቆሞ ሰው እንደሚቀሰቅስ ሰው ነው የሚናገረው፦

ወልደ ገብርኤል ተነሥ፣ በሩን ክፈተው፣
ጉናን የወረደ፣ ጉም ነው የቆመው።

ወልደ ገብርኤል የክርስትና ስሜ ነው። ከነፍስ አባቴና ከሞተችው እናቴ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሚስቴ እንኳ አታውቀውም። ይህቺ አይቻት የማላውቅ፣ የሞተች ሴት በስሜ ጠርታ ታለቅስልኛለች።

አንዱን ስንኝ ጨርሳ ሌላውን እስክትጀምር ዝም ትላለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ጭል ብሎ ወረደ። መለኪያ የሚነሣው ድምፅ ካለ ነው። መልሼ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«እ» ይላል። የሽማግሌ ወንድ ድምፅ ነው። ሲጠሩት የሚመልስ ሰው «እ»።

ሁለተኛው ስንኝ፦ «እ»። ሦስተኛው፦ «እ»። ሴትዮዋ ብቻቸውን ቤት ዘግተው ነበር ተብያለሁ። ልጅቷ የሰማችው በስልኳ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው፤ እሱ ይህን አያወጣውም። አራተኛው ስንኝ አልቆ ዝምታው ሲመጣ «እ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፌ አመለጠኝ።

ማዳመጫውን ወረወርኩት። ከዚያ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልጻፈው። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ። ቀጥሎ ካርዱን ፎርማት አደረግሁ። እንዳይመለስ ደግሞ ከአሮጌ ዲስክ ሦስት መቶ መዝሙር ጫንኩበት። ሙያ ነው፤ ስንፈራም በሙያችን ነው የምንፈራው።

ልጅቷ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ተጸዳልኝ ጋሼ?»

«ልጄ፣ መብራት ድንገት ሄዶ መጣና ካርዱን በላው።»

«ሻይ ቤት ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር እኮ። መብራት አልሄደም።»

«የኔ ክፍል ብቻ ነው የሄደው።»

አምፖሉን አየች፣ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች። እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። ጫማዋን አወለቀችና ማይክሮፎኑ ፊት በባዶ እግሯ ቆመች።

«ይቅዱኝ» አለች።

ያለ ሙዚቃ የእናቷን ሙሾ ከቃሏ አወረደችው። መጀመሪያ እንደ እናቷ ቀስ ብላ፣ ከዚያ በራፕ፣ ከዚያ ሁለቱ እስኪምታቱ። ስሙ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ግን ዝም ትላለች፤ ስሙን አታወጣውም። ዓይኔን ከመለኪያው አልነቀልኩም። አልተነሣም። ዝምታው ዝምታ ብቻ ነበር።

ስትጨርስ «ስሙን ለምን ተውሽው?» አልኳት።

«አልወጣ አለኝ። እሱን መጥራት የእማዬ ነው። አያቴ ናቸው፣ አባቷ። ጉና ሥር ሲሞቱ እማዬ አንበሳሜ ነበረች፤ መርዶው የደረሳት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ለሰው ሁሉ ስታለቅስ ኖራ ለአባቷ አላለቀሰችም። ሊሞት ሰሞን፣ ያንን ሙሾ በስልኬ የቀዳች ቀን ነው ያለቀሰችላቸው።»

«ስማቸው ማን ነበር?»

«ወልደ ገብርኤል። ጋሼ፣ ምነው ላበዎት?»

አልበሙ ወጣ። ዘጠነኛውን ዘፈን ደብረ ታቦር ታክሲ ውስጥ ሰምቻለሁ። ስሙ የጎደለበት ቦታ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል፤ አንዷ ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ስትይዝ አይቻለሁ። ራፕ የሚሰሙት ልጆች ዝምታው ትልቅ ፈጠራ ነው ይላሉ። ጉም ሽፋኑ ላይ «ድምፅ ቀረፃ» ብላ ስሜን አስጽፋልኛለች፤ የዓለም ስሜን።

ያ «እ» ያለው ሽማግሌ ማን እንደነበር አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። እውነት ነበር ብዬ ብነግራት ማስረጃዬ ምንድን ነው? ያጠፋሁት እኔ።

በዚህ ሙያ ላሉ ወንድሞችና እህቶች የምለው አጭር ነው። ሰው አንድ ብቻ የሆነ ቅጂ ሲያመጣላችሁ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሁለተኛ ቅጂ አውጡና እዚያው በእጁ ስጡት። ባለሙያውን አትመኑት፤ እኔን ጨምሮ።

መብራት አልሄደም ነበር። ከደብረ ታቦር ሰው ሁሉ ተለይቼ የምጠራ መስሎኝ፣ አንዲት ሴት ለአባቷ ያለቀሰችውን ልቅሶ በፍርሃት አጠፋሁ። ለልጇም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።