የታችኛው ካብ

ልጆቹ «እምዬ፣ ያን የመናፈሻውን ነገር ንገሩን» እያሉ ከያዙኝ ሰነበቱ። የሚያስቅ መስሏቸዋል፤ ፊደል ያልቆጠረች ሴት የተማሩ ቀያሾችን ከኋላዋ አስከትላ ስትዞር። ይሁን፣ ልንገራችሁ።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ፣ ከመንገዱ ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ የአንድ የድሮ ባላባት አጸድ ነበር። ኩሬው፣ የብርቱካኑ ተክል፣ በጥርብ ድንጋይ የተካበው አጥር፣ ሁሉም የሳቸው ነበር። ሲሞቱ ለታቦት ሰጡት። ደርግ ገብቶ ሰው ድንጋዩን ለየቤቱ ማጋዝ ሲጀምር ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና «ከዚህ ግቢ አንዲት ድንጋይ ያነሳ የተወገዘ ይሁን፤ ቢሞትም ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን አይግባ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይነካል? የኛ አገር ሰው ከወታደር ይልቅ ውግዘት ይፈራል።

እኔ ያኔ ደምበጫ ተድሬ ነበር። ባሌ ሲሞት ነው ወደ ታናሽ እህቴ የተመለስኩት። እሷ አባታችን ይዞት የነበረውን የወንዝ ዳር የበርበሬ ማሳ ይዛ፣ ባል የላት ልጅ የላት፣ በሱው ትኖራለች። በኢህአዴግ ጊዜ በመሬት ድልድሉ እንኳ አልተነካባትም። እኔ እግር እንጂ መሬት የለኝ። ዛሬ ቡሬ ገበያ፣ ነገ ፍኖተ ሰላም ልቅሶ፣ ስዞር እውላለሁ።

«እታለም፣ እንደ ፍየል ባስርሽ ደስ ባለኝ» ትለኛለች።

«አስረሽኝ ወሬ ማን ሊያመጣልሽ?» እላታለሁ።

ከድልድሉ ጥቂት ዓመት አለፍ ብሎ የባላባቱ አጸድ መናፈሻ ሆኖ ሊታደስ ነው ተባለና ቀያሾች መጡ። በሦስት እግር የቆመ መነጽር ተከሉ፣ ችካል ቸከሉ፣ ቀይ ሲባጎ ወጠሩ። የሚፈልጉት የጥንቱ ግቢ እስከ የት ይደርስ እንደነበር ነው። አለቃቸው ቀጠን ያለች፣ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ነበረች። መንገድ ላይ አገኘችኝና «እማማ፣ አገሩን ያውቁታል?» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ማን ምን ጠይቆኝ ያውቃል? ሁለት ቀን መራኋቸው። አፈር የበላውን ኩሬ አሳየኋቸው፤ ሣር የዋጠውን የውሃ ቦይ በእግሬ ዳብሼ አገኘሁላቸው። «እኛ ይህን ለመማር ስንት ዓመት ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ እማማ በእግራቸው ተምረውታል» ስትል ሁሉም ሳቁ። እኔም እንደ ሙሽራ ተሽኮረመምኩ።

በሦስተኛው ቀን ከእህቴ ማሳ ግርጌ ካለው ካብ ደረስን። ድንጋዩ እንደ ላይኛው አጥር ጥርብ ነው። ሴትዮዋ ተንበርክካ ሙጃውን ገለጠችው። እህቴ በርበሬዋን እየኮተኮተች ነበር፤ ቀና አለች።

«ይሄስ እማማ? የባላባቱ አጥር ነው ወይስ ገበሬ የካበው?»

«ገበሬማ አይደለም። ድንጋዩ ውግዘት አለበት እኮ! ማን ደፍሮ ያነሳዋል? የሳቸው አጥር ነው» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሴትዮዋ ወደ እህቴ ዞረች። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እህቴ መኮትኮቻዋን ተደግፋ ካቡን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «እሷ ካለች» ብላ አጎነበሰች።

ቀዩ ሲባጎ ከማሳዋ በታች ተወጠረ። ምን እንደሠራሁ የገባኝ ቀበሌ ሲጠራን ነው። ከሲባጎው ወደ ላይ ያለው ሁሉ የመናፈሻው ነው አሉን። ምትክ መሬት ይሰጥሻል አሏት። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ ምትኩ የለም። ማሳዋን በእሾህ ሽቦ አጠሩት፣ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተከሉበት፣ ከዚያ ሥራው ቆመ። በርበሬው የነበረበትን ሙጃ ዋጠው። እሷ ቡሬ ሄዳ የሰው በርበሬ ለቀማ ገባች፤ ማታ ስትመለስ ዓይኗ ደም መስሎ፣ እያስነጠሳት።

«እርገሚኝ፣ ምቺኝ፣ የሆነ ነገር በይኝ!» ብዬ አንድ ቀን እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«ተነሽ እታለም፣ እራትሽን ብዪ» አለችኝ። እስክትሞት ስለዚያ ካብ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቂም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገድ አስጠላኝ፤ ሰው «የት ከረምሽ?» ቢለኝ «ቤት» እላለሁ።

ስትሞት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከአባታችን አጠገብ ቀበርናት። በአርባዋ፣ ዳሱ ሥር፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ወደ እኔ ተጠጉ።

«ያን የታችኛውን ካብ የካበው አባታችሁ ነው» አሉ። «ጎርፍ አፈሩን ቢጠርግበት ጊዜ፣ ከላይኛው አጥር ድንጋይ እያወረደ። የጎተቱት በሬዎች የኔ ናቸው።»

«ውግዘቱስ?»

«ከውግዘቱ በኋላ ነው። እኔ ንስሐ ገባሁ፤ እሱ ሳይናዘዝ ሞተ። በሬዎቹን ፊት ፊት እየሄደች ትመራ የነበረችው እህትሽ ናት።»