ሦስት ለሁለት

ጦርነቱ ከመርሳ ራቅ ብሎ ትምህርት ቤታችን እንደገና ሲከፈት፣ የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፤ ዴስኮቹ ለማገዶ ሄደዋል። ልጆቹ ድንጋይ እያመጡ ተቀመጡ። የዕለቱ ትምህርት ሬሾ ነበርና ሰሌዳው ላይ 3፡2 ብዬ ጻፍኩ።

«ቲቸር፣ አይታይም!» አሉ በአንድ ድምፅ።

እውነታቸውን ነው። ሰሌዳው ተፋፍቆ ነጥቷል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ።

«እኛ ድሮ የባትሪ ድንጋይ ወቅጠን፣ በዱባ ቅጠል ጭማቂ ለውሰን ነበር የምንቀባው።»

«ልኩ ስንት ነበር አባባ?» አልኳቸው።

«ሦስት ጣሳ ዱቄት ለሁለት ጣሳ ጭማቂ።»

ደስ ብሎኝ ልዘል ምንም አልቀረኝም። መጽሐፍ ባይኖረንም ሬሾ ራሱ በመስኮት መጣልን!

መብራት ለወራት ጠፍቶ ስለነበር ያለቀ ባትሪ በየቤቱ ሞልቷል። በማግስቱ አንዱ ልጅ ብቻውን አሥራ አንድ ይዞ መጣ። «አባቴ ዜና ሲሰማ የጨረሰው ነው» አለኝ። ዘበኛው እየፈለጡ የውስጡን ጥቁር ነገር አወጡልን፤ ልጆቹ ወቀጡ። ልኩን ነግሬያቸው ቅጠሉ ወደሚጨመቅበት ዞር አልኩ።

ስመለስ ቅቡ እንደ ውኃ ከሰሌዳው ወደ ወለሉ ይወርዳል።

«ምን አደረጋችሁ?»

«ሦስት ለሁለት ብለውን የለ? ሦስት ጭማቂ፣ ሁለት ዱቄት!»

ዘበኛው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ሰሌዳ ቀቡ ቢሏችሁ ወጥ ሠራችሁ?»

የፈሰሰው ጥቂት ነው፤ ግን ጭማቂው አልቋል። ልቆጣ አሰብኩና ተውኩት። «እንግዲህ እንዴት እናድነው?» አልኳቸው።

ከኋላ፣ ተፈናቅላ ደሴ ከርማ የተመለሰች ልጅ ነበረች፤ ከመጣች ጀምሮ ክፍል ውስጥ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። በጣቷ አፈሩ ላይ ስትጽፍ ቆየችና ቀና አለች።

«ጭማቂው ሦስት ከሆነ ዱቄቱ አራት ተኩል መሆን አለበት። ሁለት አለን። ሁለት ተኩል ጣሳ እንጨምር።»

እኔም በልቤ አሰላሁት። ልክ ናት። «እስኪ ራስሽ ለኪው» ብዬ ጣሳውን ሰጠኋት። ስትጨምር ሁሉም ከበቧት፤ ቅቡ ወፈረ፣ ሰሌዳውን ያዘ። ሲደርቅ ጠመኔው ፍንትው ብሎ ታየ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እሷም እየሳቀች ፊቷን በጥቁር እጇ ሸፈነችና ይባሱኑ አሳቀችን። የአምስተኛ ክፍሉ መምህር ጫጫታውን ሰምቶ መጣና ሰሌዳውን ሲያይ፣ «የኛስ መቼ ነው?» አለ።

ማታ ወደ ቤቴ ወደ ወልድያ ስመለስ፣ ሲሪንቃ ላይ የተሳፈሩ እናት አጠገቤ ተቀምጠው እጄን አዩ።

«ጋራዥ ነው የምትሠራው ልጄ?»

«አስተማሪ ነኝ እናቴ።»

ቀና ብለው ፊቴን አዩት፤ እሱም ለካ ጠቁሯል። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ ፈቀቅ አሉ።